የመድረክ ፍርሃትና የእድራችን ሒሳብ

ይድረስ ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ሰኔ በገባ ቁጥር ከአራት ኪሎ ወደ ስድስት ኪሎ በሚወስደው መንገድ ላይ ተመሳሳይ መልክ ያላቸው ወጣቶች አያለሁ። ኮታቸው ከወንድም ወይም ከጎረቤት የተዋሱት ስለሆነ ትከሻቸው ላይ ይሰፋል፤ ላፕቶፓቸውን እንደ ሕፃን ደረታቸው ላይ አቅፈው፣ ከንፈራቸውን ድምፅ ሳያሰሙ እያንቀሳቀሱ፣ ማንንም ሳያዩ ያልፋሉ። የመመረቂያ ጽሑፋቸውን በፈታኞች ፊት ሊያቀርቡ፣ በእነሱ አነጋገር «ዲፌንስ» ሊያደርጉ የሚሄዱ ናቸው። የሚሸኛቸው ወዳጅ ካለ የሚያስይዛቸው ስንቅ አንድ ቃል ነው፤ ለወንዱ «አትፍራ»፣ ለሴቷ «አትፍሪ»። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ስለዚህ ቃል ነው። በዕድሜዬ ይህን ያህል በቅን ልቦና የተሰጠኝ፣ ይህን ያህልም ያልጠቀመኝ ምክር አላስታውስም።

በ2006 ዓ.ም. ሰንጋ ተራ አካባቢ በሚገኝ አንድ መሥሪያ ቤት የሒሳብ ባለሙያ ነበርኩ። የክፍላችን ኃላፊ በድንገት ስለታመሙ የዘጠኝ ወሩን የሥራ አፈጻጸም ሪፖርት እንዳቀርብ ታዘዝኩ። ሪፖርቱን ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ያዘጋጀሁት እኔው ነበርኩና ቁጥሮቹን ከእንቅልፌ ተቀስቅሼ ብጠየቅ እንኳ አልስትም ነበር። 40 የሚሆኑ የመምሪያና የክፍል ኃላፊዎች በተቀመጡበት አዳራሽ የመጀመሪያውን ስላይድ አልፌ ሁለተኛው ላይ ስደርስ ግን አፌ እንደ ጭድ ደረቀ፤ ልቤ ጆሮዬ ውስጥ የሚደልቅ መሰለኝ፤ የጀመርኩት ዓረፍተ ነገር መነሻው ከአፌ ወጥቶ መድረሻው ጠፋኝ። «ይቅርታ» አልኩ። ጥቂት ቆይቼ ደግሜ «ይቅርታ» አልኩ። ለሦስተኛ ጊዜ ስል ሰብሳቢው በደግነት «ችግር የለም፣ ዝም ብለሽ አንብቢው» አሉኝ፤ እኔም ጀርባዬን ለሰው፣ ፊቴን ለግድግዳው ሰጥቼ 23ቱንም ስላይድ ዳዊት እንደሚደግም ሰው አነበነብኩት። በሻይ እረፍት ላይ ሰዎች ስለ አየሩና ስለ ታክሲ ሰልፍ አጫወቱኝ፤ ስለ ሪፖርቱ ግን አንድም ሰው ቃል አልተነፈሰም። ያ ዝምታ ቢሰድቡኝ ኖሮ ከሚሰማኝ በላይ አቆሰለኝ።

ከዚያ ቀን በኋላ ለአራት ዓመታት ያህል መድረክ አልረገጥኩም። በየሩብ ዓመቱ ስላይዱን እኔ እሠራለሁ፣ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ያቀርባል፤ ጭብጨባው ለእሱ ሆነ፣ ቆይቶም የደረጃ ዕድገቱ ለእሱ ሆነ። ቅር አላለኝም ብል እዋሻለሁ፤ ይሁን እንጂ እሱ አልቀማኝም፣ በገዛ እጄ አንስቼ የሰጠሁት እኔ ነኝ። የዚያ ቀን መንተባተብ ያስከፈለኝ አንድ ጠዋት ነበር፤ ሽሽቱ ግን አራት ዓመት አስከፈለኝ። ፍርሃት በሸሹት ቁጥር ይፋፋል፤ ምክንያቱም አእምሮ ከእያንዳንዱ ሽሽት በኋላ የሚሰማውን እፎይታ «አየሽ፣ ከትክክለኛ አደጋ ነው ያመለጥሽው» ብሎ ይመዘግበዋልና ነው። በቀጣዩ ሩብ ዓመት «እኔ ላቅርብ» ለማለት አፌን ስከፍት ፍርሃቱ ካለፈው ይልቅ ከብዶ ይጠብቀኝ ነበር።

«አትፍሪ» የሚለው ቃል የማይሠራው ሰውነት በቃል የሚታዘዝ ባለመሆኑ ነው። አሜሪካዊው የፊዚዮሎጂ ሊቅ ዋልተር ካነን እ.ኤ.አ. በ1915 እንዳስረዳው፣ አደጋ ያየ አካል ለመዋጋት ወይም ለመሸሽ ራሱን ያሰናዳል፤ ከኩላሊት በላይ የተቀመጡት ዕጢዎች አድሬናሊን ይለቃሉ፣ ልብ ይፈጥናል፣ ደም ወደ ትልልቆቹ ጡንቻዎች ይጎርፋል፣ ምራቅ የማመንጨትና ምግብ የመፍጨት ሥራ ለጊዜው ይቀዘቅዛል። አፍ የሚደርቀው፣ ሆድ የሚላወሰው፣ ጣት የሚቀዘቅዘውና ወረቀት የሚንቀጠቀጠው ለዚህ ነው። ጅብ ለመጣበት መንገደኛ ይህ ሁሉ በረከት ነው፤ ችግሩ ሰውነታችን 40 ጥንድ ዓይኖችንም ከጅብ ለይቶ አለማየቱ ነው። በጀርመን አገር በትሪየር ዩኒቨርሲቲ የነበሩ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1993 ሰውን በቤተ ሙከራ ውስጥ በአስተማማኝ መንገድ የሚያስጨንቅ ዘዴ ሲቀምሩ የመረጡት ይህንኑ ነበር፤ ተሳታፊው ፊታቸውን በማይፈቱ ገምጋሚዎች ፊት ቆሞ ንግግር ያደርጋል፣ ቀጥሎም ከ1,022 ተነሥቶ 13 እየቀነሰ ጮክ ብሎ ይቆጥራል፣ ሲሳሳትም ከመነሻው እንዲጀምር ይታዘዛል። ኮርቲዞል የተባለው የጭንቀት ሆርሞን በአብዛኞቹ ተሳታፊዎች ምራቅ ውስጥ ከፍ ብሎ ስለሚገኝ ዘዴው ዛሬም በልዩ ልዩ አገሮች ይሠራበታል። ይህን ባነበብኩ ጊዜ የታየኝ የእኛው የግምገማ ስብሰባ ነበር፤ የቀረው ቁጥር መቀነሱ ብቻ ነው።

ከተማችንም የራሷን ድርሻ ትጨምርበታለች። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ፣ መብራት ጠፍቶ ሊፍቱ ቆሞ፣ ስድስተኛ ፎቅ በእግሩ እየሮጠ የወጣ ሰው በማይኩ ፊት ሲደርስ የሚያለከልከው በደረጃው ምክንያት ቢሆንም እሱ ግን በፍርሃት ይመስለዋል። ሌሊቱን ሲያጠና አድሮ ጠዋት ሁለት ማኪያቶ የጠጣም እንዲሁ፤ ካፌይን በራሱ ልብን የሚያፈጥንና እጅን የሚያንቀጠቅጥ ስለሆነ የሁለቱ ድምር ምን እንደሚሆን መገመት አይከብድም። ስለዚህ ግማሽ ሰዓት ቀድሞ መድረስ፣ ቡናውን ለድኅረ ገለጻ ማቆየት፣ ከመነሣት በፊትም ትንፋሽን ከሚያስገቡት ይልቅ የሚያስወጡትን እያስረዘሙ ጥቂት ጊዜ መተንፈስ ይጠቅማል፤ ልብ ትንፋሽ በምናስወጣበት ጊዜ በተፈጥሮው ዝግ ይላልና። እነዚህ ግን ጥቃቅን እርዳታዎች ናቸው። እኔን ከአራት ዓመት ሽሽት ያወጣኝ ሌላ ነገር ነው።

ያወጣኝ እድር ነው። ከአራት ኪሎ ወደ ቀበና ሲወረድ በሚገኘው ሰፈራችን የሴቶች እድር አለን፤ በ2010 ዓ.ም. የሒሳብ ሰው መሆኔን የሚያውቁት እናቶች እኔ በሌለሁበት ገንዘብ ያዥ አድርገው መረጡኝ። የመሥሪያ ቤት አለቃን በሰበብ መሸወድ ይቻል ይሆናል፤ አባትሽን የቀበሩ፣ ልጅሽን ያረሱ እናቶች ሲመርጡሽ ግን እምቢ ማለት አይታሰብም። ገንዘብ ያዥ በወሩ የመጨረሻ እሑድ፣ ድንኳኑና ድስቶቹ ከሚቀመጡበት መጋዘን ፊት ለፊት በተደረደሩት አግዳሚዎች ላይ ለተቀመጡት አባላት፣ የገባውንና የወጣውን ቆማ መናገር አለባት። ቢበዛ ሦስት ደቂቃ የሚፈጅ ነገር ነው። በመጀመሪያው እሑድ ወረቀቱ በእጄ ላይ እንደ ቅጠል ይርገበገብ ነበር፤ ድምፄም ከፊተኛው አግዳሚ አላለፈም። ከኋላ የተቀመጡ አንዲት አዛውንት እናት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «ልጄ፣ ፍርሃቱን ላንቺው ያዢው፤ ለእኛ ብሩን ንገሪን» አሉኝ። ሁሉም ሳቀ፤ እኔንም ሳቄ አሸነፈኝ፤ ከዚያ የቀረውን ጮክ ብዬ አነበብኩት።

እኚያ እናት በአንድ ዓረፍተ ነገር የተናገሩትን ነገር ሁለት አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች፣ ኬኔት ሳቪትስኪና ቶማስ ጊሎቪች፣ እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ጥናት በሙከራ አሳይተውታል። ተናጋሪዎች ጭንቀታቸው በአድማጮቻቸው ዘንድ የሚታየውን ያህል ገምቱ ሲባሉ አብልጠው ይገምታሉ፤ አድማጮቹ የሚያዩት ከዚያ ያነሰ ነው። ከንግግሩ በፊት ይህ እውነት የተነገራቸው ተሳታፊዎች ደግሞ ካልተነገራቸው ይልቅ የተሻለ ንግግር አድርገዋል፤ ይህንም የመሰከሩት እነሱ ብቻ ሳይሆኑ አድማጮቻቸው ጭምር ናቸው። የልባችን ድለቃ ለእኛ እንደ ነጋሪት ይሰማናል፤ በሦስተኛው ረድፍ የተቀመጠ ሰው ግን የሚያስበው ስለ ቁጥሩ፣ ወይም ስለ ምሳው፣ ወይም ስለ ልጁ የትምህርት ቤት ክፍያ ነው። እኔ በሰንጋ ተራው አዳራሽ ሦስት ጊዜ ይቅርታ የጠየቅሁት ምናልባት ማንም ልብ ላላለው ነገር ነበር፤ ልብ እንዲሉት ያደረጋቸው ይቅርታዬ ሳይሆን አይቀርም።

ከዚያ በኋላ ነገሩ በወር በወር እየቀለለ ሄደ። በሦስተኛው ወር የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ወረቀት ሳላይ ተናገርኩ። በስድስተኛው ወር ገደማ ስለ ተሰበሩ ብርጭቆዎችና ተውሶ ስላልተመለሰ ብረት ድስት ጥያቄ ሲነሣ ቆሜ መለስኩ፤ የእድሩ ዳኛ ራሳቸው ሒሳቡ አልገባቸውምና ከሁለት ጊዜ በላይ አስደገሙኝ። በዓመቱ መጨረሻ በጠቅላላ ጉባኤው ፊት፣ ከአባላት ቤተሰቦች ጋር የሰንጋ ተራውን አዳራሽ ሁለት እጥፍ በሚያህል ሰው ፊት፣ የዓመቱን ሒሳብ አቀረብኩ። ልቤ አልደለቀም አልልም፤ ደለቀ፣ ከሁለት ደቂቃ በኋላም እንደተለመደው ዝግ አለ። ፍርሃቱ በመጀመሪያው ደቂቃ ጫፍ ላይ ወጥቶ ከዚያ እንደሚወርድ በአካሌ ያወቅሁት በዚያ ዓመት ነው፤ በ2006 ዓ.ም. ያላወቅሁት ነገር ቢኖር ይህ ነበር። ያኔ ጫፉ ላይ እያለሁ ለዘላለም እዚያ የምቀር መስሎኝ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርኩ። ከዚያ ወዲህ ለሚጠይቀኝ ሁሉ አንድ ነገር እመክራለሁ፤ ጠቅላላውን ንግግር መሸምደድ አያስፈልግም፣ አንዷ ቃል ስትጠፋ ሁሉ ይናዳልና፤ የመጀመሪያውን ደቂቃ ግን አፍ ያለ አእምሮ እርዳታ እስኪያወጣው ድረስ፣ ቆሞ፣ ጮክ ብሎ መለማመድ ይገባል። በልብ ማንበብ ልምምድ አይደለም። የተዋሰ ኮት የለበሱት ወጣቶች ድምፅ አልባ ከንፈር ዘወትር የሚያሳዝነኝ ለዚህ ነው።

ቆይቼ ሳስተውለው የእድራችን መንገድ በአገራችን አዲስ ነገር አልነበረም። ቅኔ ቤት የገባ ተማሪ በመጀመሪያው ቀን መወድስ አምጣ አይባልም። ሁለት ቤት ካላት ጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ወደ ዘአምላኪየ ይሻገራል፤ እንዲህ እያለ በጊዜው ስምንት ቤት ካለው መወድስ ይደርሳል። ቀን ከሰው ተለይቶ ቅኔውን ይቆጥራል፤ ከዚያም የቆጠረውን በመምህሩና በጓደኞቹ ፊት ይናገራል፤ መምህሩ የጎበጠውን ያቀናሉ፤ ተማሪውም በማግስቱ ሌላ ይዞ ይቀርባል። ዓመታት እንዲህ ያለፉበት ሰው በበዓል ቀን ሊቃውንት በተሰበሰቡበት ቤተ መቅደስ ቅኔ ሲያቀርብ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ፊት መቆሙ አይደለም፤ አዳማጩም ሲሰምርለት «ይበል!» ይለዋል። እ.ኤ.አ. በ1924 በካሊፎርኒያ የተመሠረተውና ዛሬ በብዙ አገሮች የንግግር ልምምድ ክለቦች ያሉት ቶስትማስተርስ የሚሠራው በዚሁ ሐሳብ ነው፤ አባሉ በአንድና በሁለት ደቂቃ ድንገተኛ ንግግር ይፈተናል፣ ሰዓት የሚይዝ ሰው አለ፣ «እእእ» ያለበትን ጊዜ የሚቆጥር ሰው አለ፣ መጨረሻ ላይ መልካሙንና ጉድለቱን የሚነግረው ገምጋሚ አለ። ለእኛ ሰው ግን ሐሳቡን ለማስረዳት ካሊፎርኒያ መሄድ አያስፈልግም፤ ጎጃም ይበቃል።

እንግዲህ ቅኔ ያለው፣ በዛፍ ጥላ ሥር «በላ ልበልሃ» እየተባባለ የተሟገተ ሕዝብ ልጆች እንዴት ማይክ ስናይ እንንቀጠቀጣለን? መልሱ በአስተዳደጋችን ውስጥ ያለ ይመስለኛል። እንግዳ ባለበት የተናገረ ልጅ «ዓይን አውጣ» ይባላል፤ ሴት ከሆነች ደግሞ «ለፍላፊ» ይጨመርላታል። አንገቷን ደፍታ ቡና የምታቀርበው «ጨዋ ልጅ» ናት። ሥርዓትን አልነቅፍም፤ ታላቅን ማክበር ካጎደለን ነገር ይልቅ ያተረፈልን ይበዛል። ሆኖም 20 ዓመት ሙሉ ዝምታን እንደ ጨዋነት ያስተማርነውን ልጅ በ21ኛው ዓመት አንድ ማለዳ መድረክ ላይ አውጥተን «በራስ መተማመን የለህም» ብለን ነጥብ ስንቀንስበት፣ የራሳችንን ሥራ እንደ እሱ ጥፋት መቁጠራችን ነው።

ባለፈው ዓመት የእህቴ ልጅ ከዚህ ዓይነቱ ማለዳ በፊት ሦስት ሳምንት ሲቀራት እያለቀሰች ወደ እኔ መጣች። ጥናቷን በሚገባ ታውቀዋለች፤ በአማርኛ ስትነግረኝ እንደ ተረት ነበር የሚፈሰው። በእንግሊዝኛ ድገሚው ስላት ግን ያቺው ልጅ በአንድ ጊዜ ሌላ ሰው ሆነች፤ ትከሻዋ ወደቀ፣ ድምፇ ቀጠነ፣ በየሦስተኛው ቃል መቆም ጀመረች። በእኛ አገር የመድረክ ፍርሃት ተብሎ ከሚጠራው ነገር ብዙው የቋንቋ ፍርሃት መሆኑን በዚያ ምሽት ተረዳሁ። በ1986 ዓ.ም. በወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ መሠረት የሁለተኛ ደረጃና የከፍተኛ ትምህርት ቋንቋ እንግሊዝኛ ሆኖ ቆይቷል፤ ተማሪው ግን እንግሊዝኛን በአብዛኛው የሚያውቀው በዓይኑና በእጁ ነው እንጂ በአፉ አይደለም። አንብቦ ይረዳል፣ ጽፎ ይፈተናል፤ ጮክ ብሎ ለአምስት ተከታታይ ደቂቃ ተናግሮበት የማያውቀውን ቋንቋ ይዞ ነው ፈታኞቹ ፊት የሚቆመው።

ያደረግነው ነገር ቀላል ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት ጥናቷን በአማርኛ ለእናቴ አስረዳች፤ እናቴ ፊደል ብትቆጥርም ዩኒቨርሲቲ ደጃፍ አልደረሰችምና «ታዲያ ይኼ ለማን ይጠቅማል?» እያለች በየመሀሉ ታቋርጣት ነበር፤ ከፈታኞቹ ጥያቄዎች ሁሉ ይህን የሚያህል ከባድ እንዳልገጠማት ልጅቷ በኋላ ነግራኛለች። በሁለተኛው ሳምንት በእንግሊዝኛ ለእኔና ለወንድሟ፣ በሦስተኛው ሳምንት ለስድስት የክፍል ጓደኞቿ በግቢያቸው ባዶ ክፍል ውስጥ አቀረበች፤ አንዱን ቀን ሆን ብለን ላፕቶፑን ዘግተን ያለ ስላይድ አናገርናት፣ መብራት በየትኛው ደቂቃ እንደሚጠፋ የሚያውቅ የለምና። ጥያቄ ሲመጣ ወዲያው እንዳትመልስ፣ መጀመሪያ ጥያቄውን በወረቀት ላይ እንድትጽፍና በራሷ አባባል ደግማ እንድትናገረው አለማመድናት፤ ያቺ የአሥር ሰከንድ ፋታ ለአእምሮ ብዙ ናት።

በዕለቱ ጠዋት ስልክ ደውላ «ልቤ ሊወጣ ነው» አለችኝ። «ተረጋጊ» ማለት አፌ ላይ መጥቶ መለስኩት። የሃርቫርዷ ተመራማሪ አሊሰን ዉድ ብሩክስ እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተመችው ጥናት፣ ንግግር ከማድረጋቸው በፊት «ጓጉቻለሁ» ብለው ለራሳቸው እንዲናገሩ የተደረጉ ሰዎች «ተረጋግቻለሁ» እንዲሉ ከተደረጉት የተሻለ ተናግረዋል። ምክንያቱም የደስታ ጉጉትም ሆነ ፍርሃት ልብን ያስሮጣሉ፤ የሚሮጥን ልብ ስም መለወጥ ይቻላል፣ በትእዛዝ ማስቆም ግን አይቻልም። ስለዚህ «ለሦስት ሳምንት የደከምሽበትን የምታሳዪበት ቀን ነው፣ ልብሽም አውቆታል» አልኳት። ድምፇ በመጀመሪያው ደቂቃ ተንቀጥቅጧል፤ ከዚያ በኋላ ቀጥ ብሏል፤ ሁለት ጥያቄ አልመለሰችም፤ አለፈች።

ስለ ፋታ ካነሣሁ አንድ ነገር ልጨምር። ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በጄኔቫ በመንግሥታቱ ማኅበር ጉባኤ ፊት ለመናገር ሲቆሙ በአዳራሹ የነበሩ የኢጣልያ ጋዜጠኞች በፉጨትና በጩኸት አወኳቸው። ንጉሠ ነገሥቱ ሁከት ፈጣሪዎቹ ከአዳራሹ እስኪወጡ ድረስ ዝም ብለው ቆዩ፤ ከዚያም ንግግራቸውን፣ ፈረንሳይኛ አቀላጥፈው የሚናገሩ ሆነው ሳለ፣ በአማርኛ አሰሙ። ስለ ዘመናቸው ያለን አስተያየት የተለያየ ቢሆንም በዚያ ቀን ሁለት ነገር አሳይተዋል፤ መድረክ ላይ ዝም ብሎ መቆም እንደማያሳፍር፣ ከባድ ነገር የሚናገር ሰውም በሚያስብበት ቋንቋ ቢናገር እንደሚሻለው። በከተማችን መሥሪያ ቤቶች 40 አማርኛ ተናጋሪዎች በተሰበሰቡበት አዳራሽ አንድ አማርኛ ተናጋሪ በእንግሊዝኛ ሲላብ ባየሁ ቁጥር ይህ ትዝ ይለኛል። ስላይዱ በእንግሊዝኛ ይሁን፤ ሰውየውን ግን ለምን በአፉ አናናግረውም?

በአጭሩ ማለፍ የማይገባኝን አንድ ጉዳይ ግን በአጭሩ አነሣለሁ። ለድፍረት ብለው ከገለጻ በፊት መለኪያ አረቄ የሚቀምሱ ወይም ጫት የሚይዙ ሰዎችን አውቃለሁ፤ አንደኛው ምላስን ያሳስራል፣ ሁለተኛው ልብን ያስሮጣል፣ ሁለቱም በቀጣዩ ጊዜ ያለ እነሱ መናገር እንዳይቻል ያደርጋሉ። ፕሮፕራኖሎል የተባለውን የልብ መድኃኒት ከጓደኛ ተቀብለው የሚውጡም አሉ፤ መድኃኒቱ የእጅ መንቀጥቀጥን እንደሚቀንስ እውነት ነው፣ ሙዚቀኞችም በሐኪም ትእዛዝ ይጠቀሙበታል፤ አስም ላለበት ሰው ግን አደገኛ ስለሆነ ያለ ሐኪም የሚነካ አይደለም። ፍርሃቱ ከመድረክ አልፎ ሰው ፊት መብላትን፣ ስልክ ማንሳትን፣ ክፍል መግባትን የሚከለክል ከሆነም ስሙ የመድረክ ፍርሃት አይደለም፤ የሚታከም የጭንቀት ሕመም ነውና የአእምሮ ጤና ባለሙያ ማየት ያሻል።

አሁን ደግሞ ወደ ተቀመጥነው ልመለስ፤ ስለ ተናጋሪው ይህን ያህል ከተባለ የአድማጩም ድርሻ መነሣት አለበት። ገና ርዕሱ ሳይነበብ «ወደ ፍሬ ነገሩ ግባ» የሚል ሰብሳቢ፣ የእንግሊዝኛ አነባበብ ስሕተት በሰማ ቁጥር ከጎኑ ካለው ሰው ጋር ፈገግታ የሚለዋወጥ ኃላፊ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ስልኩ ላይ የተደፋ ተጋባዥ፣ እነዚህ ሁሉ የትሪየርን ቤተ ሙከራ በነፃ የከፈቱ ሰዎች ናቸው። በቅኔው ጉባኤ «ይበል» ማለት የሚያውቅ ሕዝብ በስብሰባ አዳራሽ ራሱን መነቅነቅ እንኳ ለምን እንደሚከብደው አይገባኝም። እኔ ዛሬ ክፍል የምመራ ሰው ነኝ፤ አዲስ የተቀጠረ ባለሙያ ሲያቀርብ ፊት ለፊቱ ተቀምጬ ዓይን ዓይኑን እያየሁ ራሴን እነቀንቃለሁ፣ ጥያቄዬንም እስኪጨርስ አቆየዋለሁ። የማወጣበት ወጪ የለም።

ትምህርት ቤቶቻችንን የምጠይቀውም ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም። በየትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ አለ፤ ጠዋት በሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት ላይ ዜና፣ ግጥምና ማስታወቂያ ይነበብበታል። ሆኖም ልጆቼን ባስተማርኩባቸው ትምህርት ቤቶች ሁሉ ማይኩን ዓመቱን ሙሉ የሚይዙት እነዚያው አራት ወይም አምስት ደፋር ልጆች ነበሩ፤ ማይኩን የሚያገኘው መድረክ የማያስፈልገው ልጅ ነው፣ የሚያስፈልገው ልጅ ሰልፍ ላይ ቆሞ ያዳምጣል። ተራው በስም መጥሪያ ቅደም ተከተል ቢሆንና እያንዳንዱ ልጅ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ሁለት ሁለት ደቂቃ፣ የፈለገውን ነገር በፈለገው ቋንቋ ቢያነብ፣ ለዚህ አዲስ በጀትም አዲስ መመሪያም የሚያስፈልግ አይመስለኝም። ዩኒቨርሲቲዎችም ተማሪው በአራተኛው ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻውን ፈታኞች ፊት እንዲቆም ከማድረግ ይልቅ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ነጥብ የማይያዝባቸው የአምስት ደቂቃ ገለጻዎች ቢያስለምዱት ጉባኤ ቃናውን ሰጡት ማለት ነው። በቡድን ሥራ ስም አንዱ ጎበዝ ለስድስቱ የሚናገርበት አሠራር ግን ከእኔና ከባልደረባዬ ታሪክ የተለየ ውጤት አያመጣም።

በእድራችን በዚህ ዓመት የገንዘብ ያዥነት ጊዜዬን ጨርሼ ለአንዲት ወጣት አስረክቤያለሁ። ባለፈው ሳምንት ቤቴ መጥታ ሒሳቡን ከሠራች በኋላ ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋ አድርጋ፣ «እትዬ፣ የመጀመሪያውን ወር ብቻ እርስዎ ቢያነቡልኝ» ስትል ለመነችኝ። እንቢ አልኳት፤ ቡና አፍልቼ ሳሎን ውስጥ አቆምኳትና ሦስት ጊዜ ጮክ ብላ እንድታነብልኝ አደረግኩ። በመጪው እሑድ ከኋለኛው አግዳሚ ላይ፣ እኚያ አዛውንት እናት በሚቀመጡበት ቦታ አጠገብ፣ እቀመጣለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት አንባቢ፣ ከአራት ኪሎ፣ አዲስ አበባ